የኮኛክና የብራንዲ ጠርሙስ ላይ ያሉትን ፊደላት እንዴት እናንብብ?

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ደወለልኝ። ለአማቱ ስጦታ ሊገዛ ሁለት ጠርሙስ ኮኛክ ይዞ ቆሟል። አንዱ ቪ ኤስ ኦ ፒ፣ አንዱ ኤክስ ኦ ይላል፤ የዋጋቸው ልዩነት ደግሞ ያስደነግጣል። "ምንድነው ልዩነቱ?" አለኝ። በስልክ ያልኩትን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስሙን እዩ። እኛ ቡናማውን ሁሉ ኮኛክ እንላለን። ኮኛክ ግን ፈረንሳይ ውስጥ በዚሁ ስም በምትጠራ ከተማ ዙሪያ ብቻ የሚሠራ ነው። ልክ እንደ ዳግም አረቄ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ የሚወጣው ግን ከወይን ጠጅ ነው፣ ከዚያም ኦክ በሚባል እንጨት በርሜል ይተኛል። ከሌላ ቦታ የመጣው ብራንዲ ይባላል።

ቀጥሎ ፊደሉ። ቪ ኤስ ቢያንስ 2 ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየ ነው። ቪ ኤስ ኦ ፒ 4፣ ናፖሊዮን 6፣ ኤክስ ኦ 10፣ ኤክስ ኤክስ ኦ 14። ኤክስ ኦ እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) ድረስ 6 ዓመት ይበቃው ነበር፤ ስለዚህ የድሮ ጠርሙስ ካገኛችሁ ይህን አስቡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮኛክ የሚሠራው የተለያየ ዕድሜ ያለውን እየቀላቀሉ ነው፣ ፊደሉ የሚናገረው ደግሞ የታናሹን ዕድሜ ብቻ ነው። 20 ዓመት የተኛው ላይ የ4 ዓመቱ ትንሽ ጠብ ካለበት ከቪ ኤስ ኦ ፒ በላይ መባል አይችልም። የጅማ ልጅ የቡና ደረጃ ያውቃል፤ ጅማ አምስት ሲባል ጉድለቱ ተቆጥሮ፣ ተቀምሶ ነው። የኮኛክ ፊደል ግን ማንም ቀምሶ የሰጠው ማዕረግ አይደለም። ጎበዝ ቀላቃይ የሠራው ቪ ኤስ ኦ ፒ ከሰነፍ ኤክስ ኦ ሊበልጥ ይችላል፣ እኔ በበኩሌ ብዙ ጊዜ ቪ ኤስ ኦ ፒውን ነው የምመርጠው።

በቀለሙም አትፍረዱ። ካራሜል (የተቃጠለ ስኳር) መጨመር ይፈቀዳል፣ ስለዚህ የጠቆረ ሁሉ ያረጀ አይደለም።

"ፊን ሻምፓኝ" የሚል ካያችሁ ከሚፈላው ሻምፓኝ ጋር አይገናኝም። ግራንድ ሻምፓኝና ፔቲት ሻምፓኝ ከሚባሉ ሁለት የኮኛክ መሬቶች የመጣ፣ ቢያንስ ግማሹ ከግራንድ የሆነ ማለት ነው።

ብራንዲ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ ያው ፊደል ሌላ ቦታ ሌላ ትርጉም አለው። እዚያው ፈረንሳይ የሚሠራው አርማኛክ እንኳ ለቪ ኤስ 1 ዓመት ይበቃዋል። የስፔኑ የሄሬዝ ብራንዲ ደግሞ የራሱ ቃላት አሉት፤ ሶሌራ 6 ወር፣ ሬዘርቫ 1 ዓመት፣ ግራን ሬዘርቫ 3 ዓመት፣ ሁሉም ቢያንስ።

የመጨረሻው አቀማመጥ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ አያረጅም፤ ዕድሜ የሚቆጠርለት በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። አጎቴ በሠርጉ የተሰጠውን ቪ ኤስ "ያርጅልኝ" ብሎ ቡፌው ውስጥ እንደ ወይን አስተኝቶ 20 ዓመት አቆየው። አልኮሉ ቡሹን በልቶት ነበር። ለገና ስንከፍተው ተፈርፍሮ ውስጥ ገባ፣ በሻይ ማጥለያ አጥልለን ጠጣነው። እናንተ አቁማችሁ፣ ከፀሐይ ርቆ አስቀምጡት።