ሰራተኛ ከልቡ እንዲሰራ እንዴት እናድርግ?

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የልብስ ስፌት መስመር መምራት ስጀምር የማውቀው ታርጌት ብቻ ነበር፣ ካልሞላ መቆጣት፣ ከሞላ ትንሽ ቦነስ፣ በቃ። ሶስት ወር ሳይሞላ ጎበዝ የምላቸው ልጆች መልቀቅ ጀመሩ፣ አንዷ ስትወጣ "ደሞዙ ብቻ አይደለም ጋሼ፣ እንደ ማሽን ነው የሚያዩን" አለችኝ። እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዛ በኋላ ነው የሁለቱን አሜሪካዊ የስነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ የኤድዋርድ ዴሲ እና የሪቻርድ ራያንን ነገር ያነበብኩት። ሰው በስራው ደስ እንዲለው ሶስት ነገር ይፈልጋል ይላሉ፦ በራሱ መወሰን፣ እችላለሁ ማለት እና ከሰው ጋር መቀራረብ። ዴሲ እ.ኤ.አ በ1971 ባወጣው ሙከራ ተማሪዎችን እንቆቅልሽ ያሰራቸዋል፣ ለፈቱት በእያንዳንዱ 1 ዶላር የተከፈላቸው ልጆች ክፍያው ሲቆም በትርፍ ሰዓታቸው እንቆቅልሹን የሚነኩት ከበፊቱ ቀነሰ፣ በቃል የተመሰገኑት ግን እንደዛ አልሆኑም።

ይሄ ማለት ግን ደሞዝ አያስፈልግም ማለት አይደለም! መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ደሞዝ በቀኑ ይግባ፣ ኦቨርታይም በትክክል ይቆጠር፣ ከደሴ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል የምትመጣ ልጅ ማታ በምን እንደምትመለስ እወቁ። ቤት ኪራይ የሚያሳስበው ሰው ጋር ስለ ሞቲቬሽን ማውራት ነውር ነው።

ቀጥሎ ጠይቁ። ቢሮ ጠርታችሁ ሳይሆን ሻይ ሰዓት ላይ፣ አንድ በአንድ፦ ከስራሽ ውስጥ አንቺ የምትወስኚው ምንድነው? በዚህ ወር ምን አዲስ ነገር ቻልሽ? ብትታመሚ ከዚህ ማን ይደውልልሻል? መልሱን ጻፉት፣ አትከራከሩ።

እኔ ስጠይቅ አንዷ ግራኝ መሆኗን ነገረችኝ፣ የተቆረጠው ጨርቅ ግን ሁሌ በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጥላት፣ ቀኑን ሙሉ ወገቧን እያጣመመች ነበር የምትሰፋው እና እኔ ደሞ ሰነፍ ናት እል ነበር። ሳጥኑን ወደ ግራ አዙሪው አልኳት፣ አለቀ። በራስ መወሰን ማለት አለቃ አይኑር ማለት አይደለም፣ እጃቸው ላይ ያለውን ነገር እነሱ ያስተካክሉት፣ የማይቀየር ትዕዛዝ ካለ ደሞ ምክንያቱን ንገሯቸው።

እችላለሁ እንዲሉ አስተያየቱ በዛው ቀን እና በዝርዝር ይሁን። "ጎበዝ" ብቻ ምንም አያስተምርም፣ "ኮሌታው ቀጥ ብሏል፣ ብብቱ ጋር ግን ክሩ ላልቷል፣ ትንሽ አጥብቂው" ነው የሚባለው። "ጎበዝ፣ እንደዚህ ነው መስራት ያለብሽ" የሚለው ግን ምስጋና ይምሰል እንጂ ቁጥጥር ነው፣ ሰውም ይሰማዋል።

ሶስተኛው፣ ከሰው ጋር መቀራረቡ፣ ለወሎ ሰው አይከብድም። ለቅሶ ያለበት ሰው ካለ እናንተም ሂዱ፣ ሌሎቹም እንዲሄዱ ሰዓት ስጡ። ሽፍቱን ደሞ ለራሳቸው ተዉላቸው፣ እኛ ጋር በረመዳን ክርስቲያኖቹ የማታውን ይዘው ሙስሊሞቹ ቤታቸው ያፈጥራሉ፣ ፋሲካ ሲመጣ ደሞ "አብሽሪ፣ እኔ እገባልሻለሁ" ይባባላሉ፣ ማንም አላዘዛቸውም፣ እኔ ወረቀቱን ብቻ ነው የሰጠኋቸው።

ከወር በኋላ እነዛን ሶስት ጥያቄዎች ድጋሚ ጠይቁ እና ከበፊቱ ጋር አስተያዩ። መልሱ ያልተለወጠው የትኛው ላይ ነው? ቀጣዩን ወር ከሱ ጀምሩ።