የፊልም ደም፣ የስኳር ጠርሙስና ጭስ፦ ሲበላሽብን ምን እናድርግ?

አጭር ፊልም፣ የመድረክ ድራማ ወይም የዩቲዩብ ኮሜዲ የሚሠራ ሰው ደሙንም፣ ከስኳር ተሠርቶ የሚሰበረውን ጠርሙስም፣ ጭሱንም እቤቱ ያዘጋጃል። አሠራሩን የሚያገኘው ከኢንተርኔት ነው። የጻፈው ሰው ግን የሚኖረው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው፤ መብራቱ አይደክምም፣ ሰፈሩ ያለው ሱቅም ሌላ ነው። ብዙው ብልሽት የሚመጣው ከዚሁ ነው። ባሩድ፣ ርችትና ቤንዚን የሚነካ ነገር እዚህ አላነሳም። እሱን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ተዉት።

ደሙ ሮዝ ሆነ

ቀይ ስር ተጠቅማችሁ ይሆናል። ጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ ሲታይ ያሳምናል፤ ነጭ ሸሚዝ ላይ ሲፈስ ግን ጉዱ ይወጣል። ቀይ የምግብ ቀለም ብቻውን ከሆነ ደግሞ ካሜራ ላይ ከረሜላ ይመስላል። ደም ውስጡ ቡናማነት አለው። ሁለት ሲኒ ስኳር በአንድ ሲኒ ውሃ አፍልታችሁ ሽሮፕ ሥሩ። ሲበርድ ቀዩን ቀለም ጨምሩና ቁንጥር ካካዎ በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ አክሉበት። አሁንም ደማቅ ከሆነ አንድ ጠብታ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያረጋጋዋል። አንድ ጠብታ አልኩ፤ በሁለተኛው ጭቃ ይሆናል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ዘመን የቸኮሌት ሽሮፕ ብቻ ይበቃቸው ነበር፤ እኛ ያ ዕድል የለንም።

ቀለሙ ልክ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ ትንሽ የበቆሎ ስታርች ጨምራችሁ አንዴ አሙቁት። ያደፈርሰዋል፣ ያወፍረዋልም።

በማግስቱ ጠርሙሱ ሥር ስኳር ረግቶ ካገኛችሁት፣ ሽሮፑ ሲፈላ ሎሚ አልገባበትም ማለት ነው። የሎሚው አሲድ የስኳሩን ከፊል ሰብሮ መልሶ እንዳይረጋ ይከለክለዋል። ጥቂት ጠብታ ይበቃል።

ደሙ ቆዳ ላይ እየተንከባለለ ጠብታ ጠብታ ከሆነ፣ ቆዳው ወዛም ነው። አሜሪካዊው የሜካፕ ባለሙያ ዲክ ስሚዝ ለዚህ ችግር ሽሮፑ ውስጥ የፎቶ ፊልም ማጠቢያ ኬሚካል ይጨምር ነበር። ደሙ ተስተካክሎ ይፈሳል፣ ልብስም ውስጥ ይሰርጋል። ኬሚካሉ ግን መርዝ ነውና ወደ አፍ አይቀርብም። እኛ ጋ አንድ ጠብታ ላርጎ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ከልብስ ላይ ሲታጠብም ያግዛል። ከአፍ የሚወጣውን ደም ግን ያለ ላርጎ ለብቻው ሥሩና ጠርሙሱ ላይ በትልቁ ጻፉበት። ቀረጻ ሲጦፍ ማንም አሽትቶ አይለይም።

ተዋናዩ ለሦስት ቀን ቀይ አንገት ይዞ እንዳይዞር ከመቀባቱ በፊት ስስ ቫዝሊን አድርጉለት። ሸሚዙን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ከሳልባጅ ተመሳሳዩን ሦስት ግዙ።

የስኳር ጠርሙሱ አይሰበርም፣ ይለመጣል

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። መነሻው ሦስት ሲኒ ተኩል ስኳር፣ አንድ ሲኒ ግሉኮስ ሽሮፕና ሁለት ሲኒ ውሃ ነው። ግሉኮሱን የኬክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ይይዙታል። የውጭው መመሪያ «150 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት» ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ 150 ስትጠብቁ ስኳሩ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ይሸታል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስኳሩም ውሃውን ጨርሶ ለመስታወትነት የሚደርሰው ከተጻፈው በ8 ዲግሪ ገደማ ቀድሞ ነው። ስለዚህ 150 የተባለውን 142 ላይ አውጡት። ድሬዳዋ ከሆናችሁ ቅናሹ በግማሽ ያንሳል። ስሌት ለማይወድ ቀላል መንገድ አለ፦ ቴርሞሜትሩን የሚፈላ ውሃ ውስጥ አስገቡና ስንት እንደሚል እዩ። ከ100 የጎደለውን ከመመሪያው ቁጥር ላይ ቀንሱ። ቴርሞሜትሩ ራሱ የሚዋሽ ቢሆንም በዚሁ ይታረማል።

ቴርሞሜትር ከሌለ በማንኪያ ጫፍ ትንሽ ስኳር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣሉ። አውጥታችሁ ስትጫኑት እንደ ማስቲካ ከተለመጠ ገና ነው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ እሳቱን አጥፉ። የምትነኩት ውሃው ውስጥ የበረደውን ብቻ ነው። የፈላ ስኳር ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ እንደ ውሃ አይወርድም። ልጆችን ከማዕድ ቤት አስወጡ፣ አጠገባችሁም አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ይኑር።

በትክክል ደርሶም ነጭ ሆኖ አሸዋ ከመሰለ፣ ከፈላ በኋላ አማስላችሁታል፤ ወይም ድስቱ ግድግዳ ላይ የደረቀ ስኳር ተመልሶ ወድቆበታል። መፍላት ከጀመረ እጃችሁን ሰብስቡ። ግድግዳውን በረጠበ ብሩሽ እያበሳችሁ ብቻ ጠብቁት።

ጥርት ብሎ ወጥቶ ከሰዓታት በኋላ እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ደግሞ እርጥበት ጠጥቷል። በክረምት ይሄ ግድ ነው። ግሉኮስ ጠፍቶ በማር የተኩም ሰው ችግሩን ያባብሰዋል፤ ማር ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። ሎሚም ሲበዛ ያንኑ ያደርጋል። ጠርሙሱን በተሠራበት ቀን ተጠቀሙበት። እስከዚያው ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ከሚወጡት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር አቆዩት። ስኳር ነው ብላችሁም አትናቁት፤ ስባሪው ይቆርጣል። ተመችው ዓይኑን ይጨፍን፣ መችውም ከፊት አይምታ።

ጭሱ

የጭስ ማሽን ከሠርግ ዲኮር አከራዮች ይገኛል። ጭስ በመስጠት ፈንታ ፈሳሽ ከተፋ፣ ውስጡ አልጋለም። መብራት ሲደክም ይሄ ይበዛል። 220 ቮልት የሚፈልገው ማሽን 180 ቢያገኝ፣ የሚያገኘው ኃይል ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። መፍትሄው ትዕግሥት ነው፤ አመልካች መብራቱ እስኪበራ አትጫኑት። ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያም ቮልቱን ይበላል፤ አሳጥሩት። ፓምፑ እያጉረመረመ ምንም ካልወጣ ተደፍኗል። የቧንቧ ውሃ ከጨመሩበት ጨው ይቀመጥበታል። አራት እጅ የተጣራ ውሃና አንድ እጅ ነጭ አቼቶ አድርጋችሁ ደጅ ላይ አሠሩትና ከዚያ ወደ ዋናው ፈሳሽ ተመለሱ።

ማሽን የሌለው እጣን ያጨሳል። በመስኮት የሚገባውን ብርሃን አሳምሮ ያሳያል፣ አልክድም። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ሰው ይገድላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም። ለድምፅ ብሎ በር ዘግቶ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ከሰል ማጨስ አይሞከር። ከሰሉ ደጅ ይሁን፣ ያለዚያ ትዕይንቱ ያለ ጭስ ይቀረጽ።

የፎሙ ድንጋይ ቀለጠ

ቴሌቪዥን ታሽጎበት የሚመጣው ነጭ ስታይሮፎም ድንጋይና ግንብ ለመሥራት ተወዳዳሪ የለውም። ስፕሬይ ሲነካው ግን እየተበላ ይጎደጉዳል። የሚያቀልጠው ቀለሙ ውስጥ ያለው ማሟሚያ ነው። መጀመሪያ ነጩን የእንጨት ኮላ በትንሽ ውሃ አቅጥናችሁ ሁለቴ ቀቡት፣ ይድረቅ። ከዚያ የግድግዳ የውሃ ቀለም ተጠቀሙ። ስፕሬይ የግድ ካስፈለገ ከላይ በስሱ ብቻ።

መብራቱ ካሜራ ላይ ይንቀጠቀጣል

እኛ አገር መብራቱ 50 ኸርዝ ነው። የስልኩን የካሜራ አፕ ወደ ማኑዋል አድርጉና ሸተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አቁሙት። መንቀጥቀጡ ካልጠፋ አምፖሉ ራሱ ርካሽ ነው፤ ቀይሩት።

ዝንቡ

ደጅ ስትቀርጹ የስኳር ደም ዝንብ፣ ጉንዳንና ንብ ይጠራል። «የሞተው» ተዋናይ ጆሮውን ሲያክ ሾቱ ይበላሻል። ለደጅ ስኳሩን ጨርሶ ተዉት። የበቆሎ ስታርች በውሃ እንደ ቀጭን አጥሚት አብስላችሁ ቀይ ቀለምና ካካዎ ጨምሩበት። ከሽሮፑ ቶሎ ስለሚደርቅ በውሃ መርጫ ጠርሙስ ስስ ውሃ እየረጫችሁ ታድሱታላችሁ። አይቆይም፤ በማግስቱ ይሸታል፣ ስለዚህ የዕለቱን ብቻ አብስሉ።