ወንዙ ወደ ላይ ሲፈስ፦ ቴምዝ ላይ ጀልባ ለምትነዱ

የምኖረው አቃቂ ወንዝ አጠገብ ነው። ከቤቴ ጀርባ ጎረቤቶቼ ጎመንና ቆስጣ ያለማሉ። ውሃው ከወንዙ በሞተር ተስቦ በቦይ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ወንዝ የሚያውቀው አንድ አቅጣጫ ነው። አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፣ ከዚያ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባህር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ባህር መልሶ የሚገፋው ወንዝ እዚህ የለም።

እኔ እንዲህ ያለውን ወንዝ ያየሁት ለንደን፣ ቴምዝ ላይ ነው። ብሬንትፎርድ አካባቢ 14 ዓመት የጀልባ ሞተር ጠግኛለሁ። ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ከዚያው ለእረፍት መጥታ፣ “ጋሼ፣ ሐምሌ ላይ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር በጀልባው ኦክስፎርድ ልንሄድ ነው፤ ምን ልወቅ?” አለችኝ። ለእሷ የነገርኳትን እዚህ ጻፍኩት። እዚያ ያሉ ብዙ ልጆቻችን በበጋቸው ጀልባ ላይ እንደሚወጡ አውቃለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ጀልባ የምትከራዩ ከሆነ አብዛኞቹ አከራዮች ባህር የሚገፋው የቴምዝ ክፍል ላይ እንድትወጡ አይፈቅዱም። ኢንሹራንሱም አይሸፍናችሁም። ድንበሩ ቴዲንግተን ሎክ ነው። ሎክ ማለት ጀልባ ከአንድ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው የምትሻገርበት ባለ ሁለት በር ክፍል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከቴዲንግተን በላይ ወይም ካናል፣ ማለትም ሰው የቆፈረው የጀልባ ቦይ ላይ ተከራዩ። ከዚያ በታች ውሃውን ከሚያውቅ ባለጀልባ ጋር ሂዱ።

የእህቴ ልጅ ጉዞ የሚጀምረው ከካናሉ ነው። ግራንድ ዩኒየን ካናል ወደ ብሬንትፎርድ ሲወርድ ሀንዌል ላይ 6 ሎኮች ተከታትለው አሉ። ሎክ እንዴት እንደሚሠራ በቃል ብነግራት አልገባትም። ስለዚህ ጎረቤቴን አስፈቅደን ቦዩ ላይ ሠራነው። ቁልቁል በሚወርድበት ቦታ ሁለት ጣውላ በአንድ ክንድ ርቀት አቆምን። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ሎኩ ነው። የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቆርጠን ግማሹን ጀልባ አደረግነው።

ለመውረድ መጀመሪያ ክፍሉ ከላይኛው ውሃ ጋር እኩል ይሞላል። የላይኛው በር ይከፈታል፣ ጀልባዋ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በታችኛው በር ባሉት ትናንሽ መስኮቶች ውሃው ቀስ እያለ ይለቀቃል። ከታችኛው ውሃ ጋር ሲስተካከል በሩ ይከፈትና ትወጣላችሁ። ወደ ላይ ለመውጣት ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ነገሩ ይኸው ነው። ፓምፕ የለም፣ መብራት የለም። ሥራውን የሚሠራው ውሃው ራሱ ነው።

አደጋው ያለው ደፉ ላይ ነው። ከላይኛው በር ሥር ወደ ሎኩ ውስጥ ገባ ያለ የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ደፍ አለ። ውሃው ሙሉ ሲሆን አይታይም። ቦዩ ላይ ከላይኛው ጣውላ ሥር አንድ ጡብ አደረግኩና ጀሪካኑን ወደ ኋላ አስጠግቼ ውሃውን ለቀቅኩት። የጀሪካኑ ኋላ ጡቡ ላይ ቀረ። ፊቱ ከውሃው ጋር ወረደ። ዘመም አለ፣ ዘመም አለ፣ ከዚያ በፊቱ በኩል ውሃ ገብቶ ሰጠመ። “ኧረ ጋሼ!” አለች። የእውነተኛዋ ጀልባ ክብደት 15 ቶን ሊሆን ይችላል፣ ውስጧም ሰው አለ።

ስለዚህ ስትወርዱ የሎኩ ግድግዳ ላይ ደፉ የት እንደሚያልቅ የሚያሳየውን ነጭ ምልክት ፈልጉ። የጀልባዋ ኋላ ሁልጊዜ ከምልክቱ ፊት ይሁን። መሪ የያዘው ሰው ስልክ አያወራም። ጀልባዋ ያዝ ካደረጋት ወዲያው ይጩህ። በሩ ላይ ያለው ሰው የታችኞቹን መስኮቶች ይዝጋ፣ ከዚያ የላይኞቹን ቀስ አድርጎ ከፍቶ ውሃውን ይመልስ። ማን መሪ እንደሚይዝ፣ ማን መስኮት እንደሚከፍት ሎኩ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ገመድ ሎክ ውስጥ አይታሰርም። ምሰሶው ላይ አንድ ጊዜ ዞሮ ጫፉ በእጅ ይያዛል፣ ውሃው ሲወርድ ይለቀቃል። የታሰረ ገመድ ጀልባዋን አንጠልጥሎ ያስቀራታል። በሬ እንደሚስብ ሰው እጃችሁ ላይም አትጠምጥሙት። መስኮቶቹ የሚከፈቱበትን እጀታ ደግሞ ብሎኑ ላይ ትታችሁ ዘወር አትበሉ። ማቆሚያው ጥርስ ካመለጠ እጀታው ተሽከርክሮ ክንድ ይሰብራል። በሩ ሲገፋ እምቢ ካለ ውሃው ገና አልተስተካከለም ማለት ነው። ጠብቁ። የጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት የሰው ጉልበት የማይችለው ክብደት ነው።

አሁን ወደ ወንዙ እንምጣ። ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ወደ ወንዙ ይገፋል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሲገፋ ሙላት፣ ሲመለስ ጉድለት እላለሁ። ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ የዛሬው ሰዓት ነገ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ምክንያቱ በዋናነት ጨረቃ ናት። ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ፣ ከዚያም በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ልዩነቱ ይሰፋል። ያን ጊዜ ለንደን ብሪጅ ላይ ውሃው ወደ 7 ሜትር ከፍ ዝቅ ይላል። የጂ ፕላስ አንድ ቤት ቁመት ያህል ማለት ነው። ወደ ላይኛው ወንዝ ስትጠጉ የሚገፋበት ጊዜ አጭር፣ የሚመለስበት ረጅም ነው። ከሙላቱ ጋር ለመሄድ ያላችሁ ሰዓት ጠባብ ነው።

ሰዓቱ ላይ አደራ እላለሁ። የየቀኑን ሙላት የሚነግረው ሰንጠረዥ የሚሰጣችሁ የለንደን ብሪጅን ሰዓት ነው። ቴዲንግተን ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ ይዘገያል። ብዙ ሰንጠረዦች ደግሞ በግሪንዊች ሰዓት ነው የሚጻፉት። እንግሊዞች ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ሰዓታቸውን በአንድ ስለሚያስቀድሙ አንድ ሰዓት መጨመር አለባችሁ። አንዳንዱ ሰንጠረዥ ግን አስቀድሞ የተጨመረበት ነው። በዚያ ላይ የኛ ሰው ጠዋት 9 ሰዓትን 3 ሰዓት ይላል። ሦስት ዓይነት ሰዓት አንድ ጀልባ ላይ አይሳፈር።

እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ የተጨመረበትን ደግሜ ጨመርኩበት። ከጓደኛዬ ጋር በጋራ በገዛናት 12 ሜትር ጀልባ ከብሬንትፎርድ አንድ ሰዓት ዘግይተን ወጣን። ውሃው መመለስ ጀምሯል። ኃይሉን ለመሸሽ አይልወርዝ አካባቢ ወደ ዳር ተጠጋሁ። የጀልባዋ ሆድ በቀስታ፣ ያለ ድምፅ ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩን ወደ ኋላ ሰጠሁት፤ ጭቃ ብቻ አማሰለ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዙሪያችን ጥቁር ረግረግ ሆነ። ቀጣዩ ሙላት እስኪያነሳን አሥር ሰዓት ያህል ተቀመጥን። የወንዙ ዳር ቅርብ ቢመስልም አልወረድንም። ያ ጭቃ ሰው ይይዛል፣ ሙላቱ ሲመጣ ደግሞ አይጠብቅም። እናንተም ከገጠማችሁ ጀልባችሁ ላይ ቆዩ፣ ለወንዙ ተቆጣጣሪዎች አሳውቁ። ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካለ 999 ደውላችሁ ኮስትጋርድ በሉ።

ከዚያ ወዲህ የመውጫ ሰዓቱን ነጭ ፕላስተር ላይ ጽፌ መሪው አጠገብ እለጥፋለሁ። አንድ ቁጥር ብቻ፣ በለንደን ሰዓት። ሌላ ሰው ደግሞ ለብቻው ያሰላዋል። ሁለቱ ካልገጠሙ አንወጣም።

ብሬንትፎርድ ላይ ካናሉን ከወንዙ የሚለየው ቴምዝ ሎክ ጠባቂ አለው። የሚሠራው ከሙላቱ በፊትና በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው። ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ደውላችሁ ቦታ ያዙ። ከመውጣታችሁ በፊት መልህቁ ፊት ለፊት ይሁን፣ ሰንሰለቱና ገመዱ የታሰረ ይሁን። ሞተር ከቆመ ፍሬናችሁ እሱ ነው። ናፍጣ ማጣሪያውን ቀይሩ። ካናል ላይ ጀልባ አይናወጥም፤ ወንዙ ላይ ስትናወጥ የታንከሩ ዝቃጭ ተነስቶ ማጣሪያውን ይዘጋል። በሥራዬ ብዙ የቆሙ ሞተሮች ያየሁት በዚህ ነው። ላይፍ ጃኬት ሁሉም ይልበስ፣ ዋና የሚችለውም።

ከሎኩ ስትወጡ ወደ ቀኝ ታጠፉ፤ ቴዲንግተን በዚያ ነው፣ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወንዙ ላይ የሚሄደው በቀኝ ነው። እንግሊዝ መኪና በግራ ይነዳል፣ ውሃ ላይ ግን ልክ እንደ ደብረ ዘይት መንገዳችን ቀኛችሁን ያዙ። አንድ አጭር ጡሩምባ ወደ ቀኝ ልዞር ነው፣ ሁለት ወደ ግራ፣ ሦስት ሞተሬን ወደ ኋላ ሰጥቻለሁ ማለት ነው። ድልድይ ሥር ሁለት ብርቱካናማ መብራት ካያችሁ በዚያ እለፉ። ሦስት ቀይ ካለ ዝግ ነው። የገለባ እስር ተንጠልጥሎ ካያችሁም አትገረሙ። ሥራ ስላለ የድልድዩ ከፍታ ቀንሷል ማለት ነው፤ የቆየ ደንብ ነው፣ ዛሬም ይሠራል።

ማቆም ስትፈልጉ ሁልጊዜ ፊታችሁን ወደሚመጣው ውሃ አዙሩ። ከኋላ የሚገፋ ውሃ እያለ ወደ ዳር የሚጠጋ ሰው ፍሬን የሌለው መኪና እንደሚያቆም ነው። ሙላቱ እየገፋችሁ ከሆነ ሰፋ ባለ ቦታ ዞራችሁ፣ ሞተሩን ቀስ አድርጋችሁ ተጠጉ።

ሪችመንድ ላይ እንደ ፈረንጆች ከ1894 ጀምሮ ያለ ግድብ አለ። ከሙላቱ በፊትና በኋላ ለሁለት ሁለት ሰዓት ገደማ በሮቹ ስለሚነሱ በሥሩ ታልፋላችሁ። ከተዘጋ ጎኑ ባለው ሎክ ከፍላችሁ ትሄዳላችሁ። ቴዲንግተን ስትደርሱ የጠባቂውን ምልክት ጠብቁ፣ ከፊትና ከኋላ ገመድ ስጡ፣ ሞተር አጥፉ። የካናል ፈቃድ ብቻ ላላት ጀልባ የጎብኚ ፈቃድ እዚያ ይጠየቃል። ከዚያ በላይ ባህሩ አብዛኛውን ጊዜ አይደርስባችሁም።

የእህቴ ልጅ፣ ይህን ካነበብሽ፦ ሎኩን ከያዛችሁ በኋላ ፕላስተሩን ጽፈሽ ፎቶውን ላኪልኝ። የሰንጠረዡንም ገጽ ጨምሪ። እኔም እዚህ ሆኜ አሰላዋለሁ።