የእግር ሲንጀር ይዞ ቤት ለሚቀይር

በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ካላችሁ፣ ከነጠረጴዛው አይሱዙ ላይ አታስጭኑት። መኪናው ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከጠረጴዛው ጋር የሚያገናኙት ግን ከኋላ ያሉት ሁለት ማጠፊያዎች ብቻ ናቸው። መንገዱ ሲያንገጫግጭ እንጨቱን ገንጥለው ይወጣሉ። ከወደቀ ደግሞ ብረቱ ይሰነጠቃል እንጂ አይጎብጥም፤ ብየዳም በቀላሉ አይዝለትም።

መጀመሪያ ክሩን፣ መርፌውንና ቦቢኑን ከነቤቱ አውጡ። ጨርቅ መርገጫው ሥር እጥፍ ጨርቅ አድርጋችሁ ዝቅ አድርጉት። የቆዳ ቺንጋውን ከላይኛው ጎማ አውልቁ። ከዚያ መኪናውን ወደ ኋላ አጋድማችሁ፣ አንድ ሰው ደግፎ ይዞት፣ ከሥሩ በማጠፊያዎቹ በኩል ያሉትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ አላሉ። ሙሉ በሙሉ መፍታት አያስፈልግም፤ ትንሽ ስለሆኑ ይጠፋሉ። መኪናውን ከማጠፊያዎቹ አውጥታችሁ ስትሸከሙ ከክንዱና ከሥሩ ካለው ጠፍጣፋ መቀመጫው ያዙት፤ በእጅ ማዞሪያው ጎማ በጭራሽ አታንሱት። በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከተጋደመ ዘይቱ ይፈስና ልብስ ያበላሻል።

መሳቢያዎቹን ለብቻ አውጡ። ጫኝና አውራጆች ጠረጴዛውን በእንጨቱ ማንሳት ይቀናቸዋል፤ በብረት እግሮቹ እንዲይዙት ንገሯቸው።

አዲሱ ቤት ስትገጥሙት የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጉ፣ የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ቺንጋው ከላላ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ በሽቦው መልሳችሁ አያይዙት። ክር ስታስገቡ መርገጫው ከፍ ብሎ ይሁን፤ ዝቅ ካለ ክሩ በማጥበቂያው መሐል አይገባምና ከጨርቁ ሥር ይተበተባል።