በጎንደር ለሚገኝ ሬዲዮ ጣቢያ የሥራ ስልት እንዴት እንደሚነደፍ

የኤፍ ኤም ጣቢያዎቻችን ገቢ ለረጅም ጊዜ በአየር ሰዓት ኪራይ ላይ ሲመሠረት ቆይቷል። ጣቢያው ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ለተባባሪ አዘጋጅ ይሰጣል፤ አዘጋጁ ስፖንሰር አፈላልጎ ኪራዩን ይከፍላል፤ የተረፈው የድካሙ ዋጋ ይሆናል። አሠራሩ ለሥራ አስኪያጁ ዕረፍት ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ አድማጩንም ነጋዴውንም በቅርብ የሚያውቀው አዘጋጁ ስለሆነ፣ እሱ ወደ ዩቲዩብ ወይም ወደ ቲክቶክ በሄደ ዕለት ሁለቱም ተከትለውት ይሄዳሉ። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ የሚነሣው፣ ጎንደር ላይ ያለ ጣቢያ ማንም ሊወስድበት የማይችለው ሀብቱ ለከተማውና ለዙሪያው ገጠር ያለው ቅርበት ነው ከሚል እምነት ነው።

1. ድምፁ የት እንደሚደርስና ማን እንደሚሰማው ማረጋገጥ

የመጀመሪያው ሥራ ከስቱዲዮ መውጣት ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ በአመዛኙ ቀጥታ መስመር ይዞ የሚጓዝ በመሆኑ ተራራ ሲጋርደው ይዳከማል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ጎንደርና አካባቢዋ ደግሞ ኮረብታና ሸለቆ የበዛበት አገር ስለሆነ፣ ማሰራጫው በወረቀት ላይ ይሸፍነዋል የተባለው ቦታና ድምፁ በእርግጥ የሚሰማበት ቦታ አንድ አይሆኑም። አንድ ቴክኒሽያንና አንድ ጋዜጠኛ ገበሬው የሚይዘውን ዓይነት ትንሽ ሬዲዮ ይዘው፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን፣ በአዘዞ በኩል ወደ ቆላ ድባ፣ በሌላ በኩል ወደ ማክሰኝት፣ በሌላው ደግሞ ወደ አምባጊዮርጊስና ዳባት እየተጓዙ ድምፁ የሚሻክርበትንና የሚቋረጥበትን ቦታ ይመዝግቡ። ይህ መዝገብ ለማስታወቂያ ደንበኛ የሚነገረውን ነገር እውነተኛ ያደርገዋል።

ቀጥሎ የአድማጭ ጥናት ይመጣል። እዚህ ላይ ይሉኝታችንን መዘንጋት አይገባም፤ የጣቢያውን ባጅ አንጠልጥሎ «የትኛውን ፕሮግራም ይወዳሉ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው «የናንተን ነዋ» የማይል የለም። ስለዚህ ጠያቂው የመጣበትን ጣቢያ ሳይናገር፣ «ትናንት ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር? በምን ሰሙት? ምን ሲወራ ያስታውሳሉ?» ብሎ ይጠይቅ። ትናንትን መጠየቅ ሰውን ከምኞት ወደ እውነት ይመልሰዋል። ፒያሳ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ መጠየቅም በቂ አይደለም፤ የባጃጅ ሾፌሩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ቤት የምትውለው እናት፣ ለቅዳሜ ገበያ ከገጠር የመጣው ገበሬና የዩኒቨርሲቲው የማራኪ ግቢ ተማሪ እያንዳንዳቸው ተለይተው መጠየቅ አለባቸው። ከስድስት ወር በኋላ ያው ጥያቄ በነዚያው ሰፈሮች ቢደገም ጣቢያው ለውጡን በራሱ መለኪያ ያያል።

2. ጣቢያው የሚታወቅበትን ጉዳይ መምረጥ

የዓለም ዜናና የአውሮፓ እግር ኳስ በየስልኩ ሞልቷል፤ በዚያ መስክ መወዳደር አቅም ማባከን ነው። ስለ ጎንደር ግን አድማጩ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማያገኘው ብዙ ነገር አለ። ውኃ ዛሬ የትኛው ሰፈር ይመጣል? መብራት የጠፋው ለምንድን ነው? ጤፍና ነጭ ሽንኩርት ስንት ገቡ? የገበያ ዋጋን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ዘጋቢው በአንድ የተወሰነ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ደረጃ ያለውን እህል፣ በኪሎ ወይም በኩንታል ብቻ፣ ከሻጭም ከገዢም ጠይቆ ማቅረብ አለበት። ዛሬ የነጭ ጤፍ፣ ነገ የሰርገኛ ጤፍ ዋጋ ደረጃው ሳይገለጽ የሚነግር ጣቢያ በሁለት ሳምንት ውስጥ አመኔታ ያጣል።

የፕሮግራም ሰንጠረዡም የአካባቢውን ዓመት ተከትሎ መሠራት ይኖርበታል። የሰሊጥ አዝመራ ሲደርስ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳል፤ ስለ ምንዳና ስለ መጓጓዣ፣ እንዲሁም በዚያ አካባቢ ሠራተኛውን ስለሚያጠቁት ወባና ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ማወቅ ይፈልጋል። በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ካላዛርን የሚያክምና የሚመራመር ማዕከል ያለው በመሆኑ፣ ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ሐኪም እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። ጥር ደግሞ የጥምቀትና የሠርግ ወር ስለሆነ እንግዳው፣ ማረፊያው፣ ልብሱና ትራንስፖርቱ ሁሉ መረጃ ይሻል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ከሁሉ ይቀድማል። የጸጥታ ችግር ባለበት ጊዜ «መንገድ ተዘግቷል» የሚል አንድ የስልክ ጥቆማ በቀጥታ ስርጭት ከወጣ ሰውን ለአደጋ ሊዳርግ ይችላል። እንዲህ ያለው ወሬ እርስ በርስ በማይተዋወቁ ሁለት ምንጮች ሳይረጋገጥ ወደ ማይክ መቅረብ የለበትም፤ መቅደም የሚያስገኘው ዝና ለዚህ ዋጋ አይበቃም።

3. ገቢውን ከጥቂት ትልልቅ ስፖንሰሮች ማላቀቅ

የቢራ ፋብሪካዎች ለብዙ ጣቢያዎች ዋነኛ ስፖንሰር ነበሩ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት ሲያግድ ያ ገቢ ባንድ ጊዜ ደረቀ። የዳሸን ቢራ መገኛ ለሆነችው ለጎንደር ይህ ትምህርት ቅርብ ነው። ከዚያ በኋላም በእርዳታ ድርጅት ፕሮጀክት ላይ ብቻ መደገፍ ያው አደጋ በሌላ መልኩ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ፕሮግራሙ ይዘጋል።

በእኔ እምነት ትኩረት የሚገባቸው ትናንሽ ነጋዴዎች ናቸው፤ በሬዲዮ ማስነገር የሀብታም ሥራ ይመስላቸዋልና። ዋጋ ከመተመን በፊት ጣቢያው የራሱን ወጪ ይወቅ። ለምሳሌ ያህል የወር ወጪው 600,000 ብር የሆነ፣ በቀን 16 ሰዓት የሚያሰራጭና በየሰዓቱ 6 ደቂቃ ለማስታወቂያ የመደበ ጣቢያ በ30 ቀን ውስጥ 2,880 ደቂቃ አለው። ወጪውን ለዚህ ሁሉ ደቂቃ ቢያካፍል ደቂቃው 208 ብር ገደማ ይመጣና ርካሽ ይመስላል። በእርግጥ የሚሸጠው 40 በመቶው ብቻ ከሆነ ግን ወጪውን የሚሸፍነው ዋጋ 521 ብር ገደማ ነው። ብዙ ጣቢያ የሚከስረው በመጀመሪያው ስሌት ተዋውሎ በሁለተኛው ስለሚኖር ነው።

ትንሹ ነጋዴ የሚመለሰው ማስታወቂያው ሰው ሲያመጣለት ነው። «ጥራታቸውን የጠበቁ ምርቶችን በተመጣጣኝ ዋጋ ይዘን መቅረባችንን ስንገልጽ በታላቅ ደስታ ነው» የሚለውን አድማጭ ሰምቶታል፤ ከየትኛው ሱቅ እንደሆነ ግን አያስታውሰውም። በምትኩ እንዲህ ይባል፦ «ለጥምቀት የሚለብሱትን የሀበሻ ቀሚስ ገና አላሠሩም? እስከ ታኅሣሥ 20 ያዘዘ ሰው ከከተራ በፊት ልብሱን ይረከባል።» ከዚያ የሰፈሩ ስም፣ ፊት ለፊቱ ያለው የታወቀ ቦታ፣ ስልኩ ሁለት ጊዜ። አንድ ዕቃ፣ አንድ ቀነ ገደብ፣ አንድ አድራሻ ይበቃል። ነጋዴው ደብተር ይያዝ፤ «በሬዲዮ ሰምቼ ነው» ያለውን ሁሉ ይመዝግብ። ውሉ የሳምንት ወይም የወር ቢሆን፣ ክፍያውም በቴሌብር ቢፈጸም ሁለቱም ወገን ይቀለዋል።

ዜና ግን አይሸጥም። በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 መሠረት ማስታወቂያ ከሌላው ፕሮግራም ተለይቶ እንዲታወቅ ማድረግ ግዴታ ነው፤ አድማጭም የተከፈለበትን ቃለ መጠይቅ ከድምፁ ቃና ይለየዋል።

4. ስልኩንና ኢንተርኔቱን ማሰራጫውን እንዲደግፉ ማድረግ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ የሬዲዮ ማሰራጫ የሠራው ያለ ኢንተርኔት ነው። ስለዚህ የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ የባትሪውና የኢንቨርተሩ እድሳት በጀት ለካሜራ መግዣ መነካት የለበትም። ኖርዌይ በ2017 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ ጣቢያዎቿን ከኤፍ ኤም ወደ ዲጂታል ሬዲዮ ማዛወሯ የኤፍ ኤም ዘመን ማብቃቱን ያሳያል የሚሉ አሉ፤ እዚያ ግን የአካባቢ ጣቢያዎች በኤፍ ኤም ቀጥለዋል፤ የእኛም አድማጭ የያዘው መቀበያ ኤፍ ኤም ነው።

በዚህ ላይ ቆሞ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ሥራ ርካሽ መሆን ይችላል። የአንድ ሰዓቱ ፕሮግራም ሙሉውን ከመጫን ይልቅ የ5 ደቂቃው ፍሬ ነገር ተቆርጦ በቴሌግራም ይላክ፤ ንግግር ብቻ የሆነ ድምፅ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት ከተቀዳ 5 ደቂቃው 1.2 ሜጋባይት ብቻ ይወስዳል፤ የዳታ ወጪ ለሚከብደው ሰው ይህ ልዩነት አለው። በሙዚቃ ጉዳይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ባለመብቱ ያልፈቀደው ዘፈን ያለበት ቅጂ ከዩቲዩብ ሊሰረዝ ይችላል፤ በአገር ውስጥም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ።

ስማርት ስልክ የሌለው አድማጭ ሚስኮል ያድርግ፤ ጣቢያው መልሶ ይደውልና የገበያውን ዋጋ በተቀዳ ድምፅ ያሰማው፤ ጥያቄውንም ይቀበለው። ገበሬው በ8028 የግብርና መረጃ የስልክ መስመር ቁጥር እየተጫነ ምክር መስማትን ለምዷልና አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። የተቀዱት ጥያቄዎች ደግሞ ለቀጣዩ ሳምንት ፕሮግራም መነሻ ይሆናሉ።

በውጭ አገር ያለው የጎንደር ተወላጅ የቀጥታ ስርጭቱን በኢንተርኔት ይሰማል፤ የሠርግ፣ የተዝካርና የበዓል መልእክት ለቤተሰቡ ማስተላለፍም ይፈልጋል። ለዚህ የተወሰነ ሰዓትና ግልጽ የዋጋ ዝርዝር ማዘጋጀት አዲስ የገቢ በር ነው።

5. በአንድ ፕሮግራም መጀመር

ሰንጠረዡን በሙሉ ባንድ ቀን መለወጥ አያስፈልግም። የጠዋቱን አንድ ሰዓት ከኪራይ አውጥቶ ጣቢያው ራሱ ለ3 ወር ያዘጋጀው። ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይወሰን፦ ስንት ሚስኮል፣ ስንት ትናንሽ የማስታወቂያ ደንበኛ፣ ከደንበኞቹም ስንቱ ውል ካደሱ ፕሮግራሙ ይቀጥላል። ሰዓቱ የተወሰደበት ተባባሪ አዘጋጅ ልምዱ የሚናቅ ስላልሆነ፣ ኪራይ ከፋይ መሆኑ ቀርቶ ካመጣው ገቢ ድርሻ የሚያገኝበት ውል ቢቀርብለት ይመረጣል፤ የደንበኞቹ ስምና ስልክ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጣቢያው መዝገብ ላይ ይስፈር።