የአራተኛው ቤት ቁልፍ፦ ትንሽ የኪራይ ሕንፃ ልትገዙ ላሰባችሁ

የመጀመሪያውን ሕንፃ የገዛሁት ሦስት ቤት አይቼ ለአራት ቤት ከፍዬ ነው። አራተኛው ተቆልፎ ነበር። ሻጩ «ተከራዩ ሥራ ላይ ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ የለም፤ ግን ከነዚህ ከሦስቱ ጋር አንድ ዓይነት ነው» አለኝ። እሺ አልኩ። ሥራዬ ሂሳብ መመርመር ነው። የሰውን ደረሰኝ አንድ በአንድ ካላየሁ የማልፈርም ሴትዮ፣ የራሴ ገንዘብ ሲሆን በር ሳላስከፍት ፈረምኩ።

አንድ ዓይነት አልነበረም። ውስጡ የሚኖረው የሻጩ የእህት ልጅ ነው። ውል የለውም። ሻጩ በሰጠኝ ወረቀት ላይ ከሁሉም ከፍ ያለ ኪራይ የተጻፈበት ቤት ግን የእሱ ነው። ስንት ሲከፍል እንደኖረ ብጠይቀው ሳቅ አለና «አጎቴ እኮ ነው» አለኝ። ሽንት ቤቱም ቀን ከሌት ይፈሳል። ሕንፃው ያለው አንድ የውሃ ቆጣሪ ብቻ ነው፤ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። አሁን ባለቤቱ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ቤት ያለው ሕንፃ ልግዛ ብሎ ለሚያማክረኝ ሰው መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፦ በሩን ሁሉ አስከፍት።

ቤቱን ስታዩ

ቀጠሮ ስትይዙ ሁሉንም ቤት በአንድ ቀን እንደምታዩ ቀድማችሁ ተናገሩ። ተከራዮቹም ይነገራቸው፤ የምትገቡት የሰው ቤት ነው። ከገባችሁ በኋላ በአዲስ ቀለም አትማረኩ፤ ቀለም በሁለት ቀን ይቀባል። ይልቅ ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩ። ቢጫ የእርጥበት ምልክት ካለ ከበላዩ ያለው ቤት መታጠቢያ የት እንደሆነ ጠይቁ። ክፍሉ ሁሉ ያረጀ ቀለም ሆኖ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ከተቀባ እሱም የሚነግራችሁ ነገር አለ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁምሳጥን ክፈቱና እጃችሁን አስገቡ። እንጨቱ ካበጠ ውሃው ከጀመረ ሰንብቷል።

አንድ ዘዴ ያስተማሩኝ አዛውንት ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። የጠራኋቸው ለአራተኛው ቤት ነበር። እሱን አይተው ሲጨርሱ «ሌሎቹንም እንያቸው» አሉኝ። ሌሎቹ ድምፅ እንደሌላቸው ነገርኳቸው። «ልጄ፣ በዚህ ነገር ጆሮሽን አትመኚ» አሉና የመጀመሪያው ቤት ገባን። የሽንት ቤቱን የውሃ ሳጥን ክዳን አነሱ። ከኪሳቸው ትንሽ የቀለም ብልቃጥ አውጥተው ሁለት ሦስት ጠብታ ጨመሩበት። ማንም ውሃ እንዳይለቅ አስጠንቅቀው ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስንመለስ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ሰማያዊ ሆኗል። ሳጥኑ ሥር ያለችው የመዝጊያ ጎማ አርጅታ ጠርዟ ተኮማትሯል። ጎማዋ መዳፍ አታክልም፤ ለመቀየርም ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ክፉኛ የሚያፈስ ሽንት ቤት ግን በቀን 700 ሊትር ገደማ ውሃ ሊያባክን ይችላል። እኔ የሁለት ሽንት ቤት የሁለት ወር ውሃ ከፍያለሁ።

ቀለም ባትይዙም ቆጣሪው አለ። በየቤቱ ያለው ውሃ ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ላይ የሚዞር ነገር ካለ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ጣሪያውን፣ የመብራት መስመሩንና መሠረቱን ለባለሙያ ተዉት፤ የምርመራውን ክፍያ ግን አትቆጥቡ። የፍሳሽ መስመሩንም በካሜራ አስመርምሩ። ከአራት ቤት የሚወርደው ሁሉ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በአንድ ቱቦ ነው። እሱ የተዘጋ ሌሊት አራቱም ይደውሉላችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕንፃው በሕጋዊ ሰነዱ ላይ ስንት ቤት ነው? መጋዘን የነበረን ክፍል ከፍሎ «አራተኛ ቤት» የሚል ሻጭ ሞልቷል። ፈቃድ የሌለውን ቤት አበዳሪው ላይቆጥርላችሁ፣ ኢንሹራንሱም አደጋ ሲደርስ ላይክስላችሁ ይችላል።

ሂሳቡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሙያዬ ነው። ሻጭ ወይም ደላላ የሚሰጣችሁ ወረቀት ሁልጊዜ ቆንጆ ነው። በቁጥር ላሳያችሁ። አራቱም ቤት ዓመቱን ሙሉ ተከራይተው የሚያስገቡትን 100 በሉት።

የሻጩ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ ግብርና ኢንሹራንስ 14፣ ውሃና የጋራ መብራት 8፣ ጥገና 3። ወጪው 25፣ የሚቀረው 75። ዓመታዊ የብድር ክፍያችሁ 35 ቢሆን በእጃችሁ 40 ይቀራል። ማን ይጠላል?

አሁን የኔን እዩ። ግብርና ኢንሹራንስ 14፣ ውሃና መብራት 8፤ እስከዚህ እንስማማለን። ጥገናውን ግን 10 አደርገዋለሁ። ጣሪያና የውሃ ማሞቂያን ለመሳሰሉት በየጥቂት ዓመቱ ለሚመጡት ትልልቅ ወጪዎች 8 አስቀምጣለሁ። ቤት ባዶ ለሚያድርበት ጊዜ 8፤ ይህም ከዓመቱ አንድ ወር እንደማለት ነው። ለአስተዳደር 8። «እኔው አስተዳድራለሁ» ትሉ ይሆናል። አስተዳድሩ፤ ግን ጻፉት። የራሳችሁ ጊዜ ነጻ የሚመስለው የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ነው። ድምሩ 56፣ የሚቀረው 44። ከብድሩ ክፍያ በኋላ 9።

ቤቱ ያው ቤት ነው። በአንዱ ወረቀት 40 ያተርፋል፣ በሌላው 9። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ተኩ፤ መስመሮቹን ግን አትሰርዙ። በዘርፉ ያሉ ሰዎች ግማሹ ኪራይ ከብድር ውጪ ላለው ወጪ ይሄዳል ብለው በግርድፉ ያሰላሉ። በተለይ ለአሮጌ ሕንፃ መጥፎ መነሻ አይደለም።

ያንን 44 ለሕንፃው ዋጋ አካፍሉት። ዋጋው በዚሁ ልኬት 550 ከሆነ 8 በመቶ ይመጣል። ካፕ ሬት የሚሉት ይህን ነው። በሻጩ ሂሳብ ከ13 በመቶ በላይ ይሆን ነበር። የምትበደሩበት ወለድ ከእናንተ መቶኛ ከበለጠ ብድሩ ገቢውን እየበላው ነው፤ ዋጋ ቀንሱ በሉ ወይም ተዉት። ሌላም መለኪያ አለ፦ የሚቀረውን 44 ለብድር ክፍያው 35 ስታካፍሉ 1.25 ገደማ ይሆናል። ብዙ አበዳሪዎች ከ1.2 ወይም ከ1.25 በታች ሲሆን ፊታቸውን ያጠቁራሉ። በዚህ ላይ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

አራት ቤት ያለው ሰው አንዱ ባዶ ሲሆን የገቢው ሩብ ሄደ። ስለዚህ ያላችሁን ሁሉ ለቅድመ ክፍያ አታሟጥጡ። የስድስት ወር ወጪና የብድር ክፍያ የሚሸፍን ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። ሳይነካ።

ተከራዮቹና ወረቀታቸው

በብዙ አገር ሕግ ሕንፃው ቢሸጥም የኪራይ ውሉ ይቀጥላል። ሻጩ የፈረመውን የምታከብሩት እናንተ ናችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት እያንዳንዱ ተከራይ በፊርማው የሚያረጋግጠው አንድ ገጽ ወረቀት አሠሩ፦ ኪራዩ ስንት ነው፣ እስከ መቼ ተከፍሏል፣ ማስያዣ ስንት ሰጥቷል፣ ውሉ መቼ ያልቃል፣ ከሻጩ ጋር በቃል የተስማሙት ነገር አለ ወይ። ይህ ወረቀት ቢኖረኝ የእህት ልጅ ነገር ቀድሞ ይወጣ ነበር። ሻጩ የኪራዩን የባንክ ገቢም ያሳያችሁ። የተከራዮቹን ማስያዣ ከሻጩ ጋር ሂሳብ ስትዘጉ ተረከቡ፤ ያለዚያ ተከራዩ ሲወጣ ከኪሳችሁ ትመልሳላችሁ።

አዲስ ተከራይ ስትመርጡ መስፈርቱ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ በጽሑፍም ይኑር። ብዙ አከራዮች ገቢው የኪራዩን ሦስት እጥፍ የሚሆን ሰው ይፈልጋሉ። ስለ ጠባዩ ስትጠይቁ አሁን ያለበትን አከራይ ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረውን ፈልጉ። የአሁኑ አከራይ ሰውየው እንዲለቅለት ሲል ሊያሞግሰው ይችላል። የመጀመሪያው ክፍያ ባንክ ሳይገባ ቁልፍ አትስጡ። ከመግባቱ በፊት የቤቱን ፎቶ አብራችሁ አንሱ።

አንዱ ቤት ውስጥ ራሳችሁ ብትኖሩ ጥሩ ጅምር ነው፤ ብልሽት ቶሎ ትሰማላችሁ። በራችሁም ቶሎ ይንኳኳል። እኔ አንድ ዓመት ችዬ ወጣሁ።

የእህት ልጁ በሦስተኛው ወር ለቀቀ። ያለ ጠብ። በቤቱ አዲስ ተከራይ ገባ።

ሁለተኛውን ሕንፃ ልናይ ስንሄድ ብልቃጤን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር። ሦስት ቤት ነው። ሁለቱን አሳየንና ሻጩ የሦስተኛው ቁልፍ ተከራዩ ጋ እንደሆነ ነገረን። ችግር የለም፣ እጠብቃለሁ ብዬው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ በኀፍረት መሬት መሬት ያያል። ሻጩ ወደ ጓሮ ሄዶ ስልክ ደወለ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ደወለ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ቁልፉ ከራሱ ኪስ ወጣ።