የካንጋሮ እንክብካቤ በክፍላችን ለምን አይጸናም? ችግርና መፍትሄ

ክብደቱ ሳይሞላ የተወለደ ሕፃን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ መታቀፍ እንዳለበት፣ ይህም የካንጋሮ እንክብካቤ እንደሚባል የማያውቅ ነርስ የለም። ሆኖም ክፍሎቻችን ውስጥ ማሞቂያው ሞልቶ የእናቶች ደረት ባዶ ነው።

ችግር፦ ሕፃኑ በተወለደ በሁለተኛውም ቀን አልታቀፈም

ለምን ሲባል፣ «መጀመሪያ ይረጋጋ» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ አሠራር ቀድሞ መመሪያ ነበር፤ አሁን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በህንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ያስተባበረው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ ግራም ከሚመዝኑት ሕፃናት መካከል እስኪረጋጉ ከተጠበቁት በ28 ቀን ውስጥ 15.7 በመቶ ሲሞቱ፣ ወዲያው ከታቀፉት የሞቱት 12 በመቶ ናቸው። ጥቅሙ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ አስቀድሞ ቆመ። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቆየ መመሪያ አንሱና የዓለም ጤና ድርጅትን የእ.ኤ.አ. 2022 ምክር ለጥፉ። በራሱ መተንፈስ ያልቻለ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳ ወይም የደም ዝውውሩ በጣም የተዳከመ ሕፃን ይጠብቅ። ኦክስጅን ስለሚወስድ ብቻ ግን አይከልከል።

ችግር፦ ታቀፈ፣ ግን ለአንድ ሰዓት

እዚህ ላይ እናትየዋን መውቀስ ይቀናናል፤ ተገቢ አይደለም። ወዲያው የታቀፉት የጥናቱ ሕፃናት በቀን በአማካይ 17 ሰዓት ያህል በእናታቸው ደረት ላይ የቆዩት እናቶቹ ከሕፃናቱ ጋር በአንድ ክፍል ስለተኙ ነው። የእኛዋ እናት ሌላ ክፍል ተኝታ፣ ለማጥባት ብቻ ተጠርታ፣ መደገፊያ በሌለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የቀዶ ጥገና ቁስል ይዛ በዚያ ወንበር ላይ ስምንት ሰዓት ቆዪ ማለት ጭካኔ ነው፤ ምክሩ ደግሞ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይላል። አልጋዋ ወደ ሕፃኑ ይምጣ። የደም ግፊቷንና መድኃኒቷን አዋላጇ እዚያው እንድትከታተል ከማዋለጃ ክፍሉ ጋር ተነጋገሩ። እናት ከታመመች አያት፣ እህት ወይም አባት ይቀፉት፤ አባትን በር ላይ አታስቁሙት።

ችግር፦ ታቅፎም ይቀዘቅዛል

ሙቀቱ ከ36.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከወረደ መጀመሪያ የእናትን ልብስ ተመልከቱ። በመሃል ጨርቅ ካለ ገላ ለገላ አልሆነም። ዳይፐሩ ረጥቦ፣ ኮፍያው ወልቆ ወይም ነጠላው ላልቶ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ተስተካክሎ ካልሞቀ ኢንፌክሽን ጠርጥሩ፤ ሐኪም ጥሩ።

ችግር፦ ማታ ይቋረጣል

መዝገቡ ላይ «ተሰጥቷል» የሚል ምልክት ብቻ ስለሚደረግ ማን መቼ እንዳቋረጠ አይታይም። ምልክቱን ትታችሁ ሰዓቱን ጻፉ፤ በፈረቃ ርክክብ ጊዜም ከክብደቱና ከሙቀቱ ጋር «ዛሬ ስንት ሰዓት ታቀፈ?» ተብሎ ይጠየቅ።